ኢንሹራንሱም ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው፤ ቀጥሎ የዕረፍት ቀኑንና የትኬቱን ነገር። ብታመም ማን ያሳክመኛል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ሜዲካል» ያለፈ ሰው የጤናው ጉዳይ ያለቀለት ይመስለዋል። ሜዲካል የሚደረገው ግን ለአሠሪውና ለተቀባዩ አገር ሲባል ነው። ሠራተኛዋ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ እንደሌለባት ያረጋግጣል እንጂ፣ ነገ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ቢሰበር ወጪውን ማን እንደሚችል አይናገርም። ስለዚህ የጤና ኢንሹራንስ ነገር እዚያ ከተደረሰ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። ቁርጡ መታወቅ ያለበት እዚህ አዲስ አበባ፣ ኮንትራቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ነው።

«የሚኬድበት አገር ሕግ አሠሪውን ያስገድደው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያስገድዳል፣ ግን ሁሉንም አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ የግል ድርጅቶች ለውጭ አገር ሠራተኞቻቸው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገዙ የሚያዝዝ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግዴታው ወደ ቤት ሠራተኞች የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ነው፤ ያውም ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ላሏቸው አሠሪዎች። አንዲት ሠራተኛ ብቻ የቀጠረ ቤት ይህ አይመለከተውም፤ ከእኛ አገር የሚሄዱት እህቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገቡት እንዲህ ያለ ቤት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተሻለች ናት። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለቤት ሠራተኛም ቢሆን ኢንሹራንስ ካልተገዛ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። በሻርጃና በሌሎቹ ሰሜናዊ ኤምሬቶች የሚሸጠው መሠረታዊ ሽፋን በዓመት 320 ድርሃም ነው። ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ለተመላላሽ ሕክምና ከወጪው 25 በመቶውን፣ እስከ 100 ድርሃም ድረስ፣ የምትከፍለው ታካሚዋ ናት። ከመድኃኒት ዋጋም 30 በመቶው የእሷ ነው፣ የመድኃኒቱ ሽፋንም ከዓመት 1,500 ድርሃም አያልፍም። የ400 ድርሃም መድኃኒት ቢታዘዝላት 120ው ከኪሷ ይወጣል ማለት ነው። ለስኳር ወይም ለደም ግፊት በየወሩ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ይህ ቀላል አይደለም። «ኢንሹራንስ አለ» የሚለው የኤጀንሲ መልስ ታዲያ የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ሌላው ስህተት የጉዞ ኢንሹራንስን ከጤና ኢንሹራንስ ጋር ማምታታት ነው። ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው ወረቀት ለአጭር ጉዞና ለድንገተኛ ሕመም ነው፤ ዓመታት ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው አይሆንም። በዲቪ አሜሪካ የሚገባውም ጊዜውን ማወቅ አለበት። በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ኢንሹራንስ ካልገዛ የዓመቱን መመዝገቢያ ወቅት ለመጠበቅ ይገደዳል። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት ሽፋን ደግሞ በአብዛኞቹ ግዛቶች ለአዋቂ ስደተኛ አምስት ዓመት ያስጠብቃል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከባህላችን የሚመጣው ነው፤ ወገን እያለ ኢንሹራንስ ለምን? በእርግጥ በባዕድ አገር ለታመመ ሰው ገንዘብ የሚያሰባስቡት ወገኖቹ ናቸው፣ ይህም የሚያኮራ ነው። መዋጮ ግን የሚጀመረው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ምን ያህል እንደሚገኝም አይታወቅም። እድሮቻችንም በአብዛኛው የቆሙት ለቀብርና ለለቅሶ እንጂ ለሕክምና አይደለም። «ሲብስብኝ አገሬ ገብቼ እታከማለሁ» የሚለውም ሐሳብ ቢሆን ሒሳብ ይፈልጋል። በእርግጥ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ባልቻና ጥቁር አንበሳ ያሉ ሆስፒታሎች አሉ። ጥቁር አንበሳ ግን ከመላው አገሪቱ ከባድ ሕመምተኞች የሚላኩበት ሆስፒታል ነው፣ ወረፋውም በዚያው ልክ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢሆን የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው፣ መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሽፋኑም ውል ባላቸው የአገር ውስጥ ጤና ተቋማት ብቻ ነው። ታምመው ከተመለሱ በኋላ በማግሥቱ ገብተው የሚታከሙበት አይደለም። ቤተሰብ ከውጭ ከሚላክለት ገንዘብ ላይ ይህን መዋጮ ሳያቋርጥ ቢከፍል ግን ቢያንስ እዚህ የቀሩት ልጆችና ወላጆች ይጠበቃሉ።

«ሥራ ፈላጊ ሰው ምን የመደራደር አቅም አለው?» ለሚለው፣ እውነት ነው፣ ብዙ የለውም። ያለችው ጥቂት አቅም ግን የምትሠራው ከፊርማ በፊት ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኮንትራቱ በመንግሥት እንዲጸድቅ ያዝዛል፤ ውሉ ሲጣስም ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ነው። ስለዚህ በኮንትራቱ የሰፈረ የሕክምና ሽፋን እዚሁ አዲስ አበባ ሊጠየቅ የሚችል ሰው አለው። በቃል የተነገረ ግን የለውም። የኢንሹራንሱ ኩባንያ ስም፣ ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን፣ ከሠራተኛዋ የሚቆረጠው ድርሻ፣ ሥራ ከለቀቀች ምን እንደሚሆንና የአስከሬን መመለሻ ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይግባ። ካልገባ አትፈርሙ፤ ከገባም አንድ ቅጂ ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ።