እቁቤን ለማስተርስ ላውጣው?

«የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ኦቲዝም አለበት ተብያለሁ። ሲከፋው እጁን ይነክሳል፤ ጠባሳው አይጠፋም። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። አሁን እቁብ ደርሶኛል። በገንዘቡ አፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ የሚባለውን ማስተርስ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ልማር ብል ባለቤቴ ‹የልጁን ገንዘብ ልታባክኚው ነው› ብሎ አኮረፈኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ አንባቢያን፣ ደብዳቤው የአንዲት አዲስ አበቤ እናት ነው። እኔ ከ12ኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ስለ ማስተርስ ሳወራ ታገሱኝ። ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ትምህርቱ ምንድነው?

በአማርኛ «የባህርይ ትንተና» ብንለው ያስኬዳል። ሥሩ የአሜሪካዊው ሊቅ የቢ.ኤፍ. ስኪነር ሐሳብ ነው፤ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ በሚያገኘው ነገር ምክንያት ነው ይላል። ልጅዎ ሱቅ በር ላይ ተንከባሎ አለቀሰ እንበል። ሰው እንዳያየን ብለው ብስኩት ገዙለት። ነገስ? ነገም ይንከባለላል! ባለሙያው እንግዲህ ሦስት ነገር ይመዘግባል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን አገኘ?

የእህታችን ልጅ እጁን የሚነክሰውም ያለ ምክንያት አይሆንም። በ1982 ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆችን አጥንተው አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ፤ ድርጊቱ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዱ ሰው እንዲያየው ነው፤ ሌላው ከከበደው ሥራ ለማምለጥ፤ ሌላው ስሜቱ ራሱ ስለሚፈልገው። ምክንያቱን ሳያውቁ መቆጣት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። ማስተርሱ በዋናነት የሚያስተምረው ይህንኑ ፍለጋ ነው።

የሙያው ጥቁር ነጥብ

ሁሉም ነገር ማር አይደለም። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆኑት ኢቫር ሎቫስ በ1987 ባወጡት ጥናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠለጠኑ 19 ሕጻናት 9ኙ ከእኩዮቻቸው ጋር ለመማር በቁ ብለው ዓለምን አስደነቁ። ሆኖም ልጆቹ የተመደቡት በዕጣ አልነበረምና ብዙ ተተችቷል። ከዚያም በፊት በ1960ዎቹ ሎቫስ ልጆችን በጥፊና በኤሌክትሪክ ይቀጡ ነበር። ትልቁ የሙያው ማኅበር የኤሌክትሪክ ቅጣትን በይፋ የተቃወመው በ2022 ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶችም «ራሳችንን እንድንደብቅ ነው ያሠለጠኑን» ብለው ይወቅሳሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲመርጡ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያስተምር ይጠይቁ። ጥያቄውን ከሸሸ ይለፉት!

ወረቀቱና መንገዱ

በአሜሪካ ቢ.ሲ.ቢ.ኤ. የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጠው በ1998 የተቋቋመ ቦርድ ነው። ማስተርስ ብቻውን አይበቃም። እስከ 2,000 ሰዓት በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር መለማመድ አለ፤ 4 ሰዓት የሚፈጅ የ185 ጥያቄ ፈተናም ይከተላል። ከልምምዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከልጁ ጋር መዋል ሳይሆን መመርመር፣ መረጃ ማገናዘብ፣ ዕቅድ ማውጣትና ሌላውን ማሠልጠን ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት። 18 ዓመት የሞላውና ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ከተፈተነ በባለሙያ ሥር ቴክኒሻን መሆን ይችላል። ሥራው ይስማማው እንደሆነ ማስተርስ ሳይከፍል ያየዋል ማለት ነው።

አሁን ወጥመዱን ልንገርዎ እህቴ። ቦርዱ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከጥቂት አገሮች ነዋሪዎች በስተቀር አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም። ኢትዮጵያ ከጥቂቶቹ ውስጥ የለችም! አዲስ አበባ ተቀምጠው ማስተርሱን ቢጨርሱ ዲግሪው ይኖርዎታል፤ ያ ማረጋገጫ ግን አይኖርዎትም። ከየአገሩ የሚያመለክቱትን የሚቀበል ኢንተርናሽናል ቢሄቪየር አናሊሲስ ኦርጋናይዜሽን የሚባል ሌላ ድርጅት አለ፤ የእሱን መመሪያ ያንብቡ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንድ ብር ሳይከፍሉ ዩኒቨርሲቲውን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። ልምምዴን አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይቆጣጠርልኛል? በዲግሪው ከዚህ ሆኜ የትኛውን ማረጋገጫ ማግኘት እችላለሁ? መልሱ ጭጋግ ከሆነ እቁቡ ይቆይ።

ሐሳብዎ ልጅዎን መርዳት ብቻ ከሆነ ደግሞ ማስተርስ ግዴታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ በጨዋታና በቤት ውስጥ ሥራ ልጅን ማስተማር ያሳያል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስም በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የውበት ትምህርት ቤት የነበራቸው እናት ነበሩ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ግን በነጻ የሚሠሩት ነገር አለ፦ ደብተር ይግዙ፤ ልጁ እጁን በነከሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ይጻፉ። ባለቤትዎም ይጻፉ። ሁለት ሳምንት አብረው ከጻፉ በኋላ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም ወይም ወደ ማዕከል ይሂዱ። ኩርፊያውም ያኔ ይበርዳል፤ ሁለታችሁም የምትጨነቁት ለአንድ ልጅ ነውና።