ከመቶ ዘጠና

በግቢያችን ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ መረብ የለውም። የፍሪ ስሮው መስመር ቀለሙን ከለቀቀ ዓመታት ስላለፉት፣ ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር ለክቼ ራሴ በኖራ አሰመርኩት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይታጠባል፤ እኔም መልሼ አሰምራለሁ። እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ልጆቹ ሜዳውን ሳይዙት፣ እዚያ ላይ ቆሜ መቶ ኳስ እወረውራለሁ። ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። የምፈልገው ዘጠናውን ማስገባት ነው።

ፍሪ ስሮ ተጋጣሚ ጥፋት ሲፈጽም የሚሰጥ ነፃ ውርወራ ነው። የሚከላከል የለም፣ የሚገፋ የለም። ዳኛው ኳሱን ከሰጠ በኋላ 5 ሰከንድ አለ፤ ከገባ 1 ነጥብ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ በ1 ነጥብ ተመርተን፣ ሰዓቱ አልቆ፣ ሁለት ፍሪ ስሮ ተሰጠኝ። ሁለቱም የሪንጉን ፊት መትተው ተመለሱ። ከቡድኑ ልጆች ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ያኔ 21 ዓመቴ ነበር፤ አሁን 38 ነኝ።

የመጀመሪያው እሁድ 58 አገባሁ። ዘጠና ሩቅ መሆኑን ያወቅሁት ግን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። በአማካይ ከመቶ 80 የሚያገባ ሰው፣ ቀን ቀንቶት 90 የሚሞላለት ከመቶ ቀን በአንዱ እንኳ አይደለም። አማካዩ 85 ለሆነ ሰው ግን ከአሥር ቀን አንዱ ይደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ጠዋት መጠበቅ ከንቱ ነው፤ አወራወሬ ራሱ መለወጥ ነበረበት።

ችግሬ ከልጅነት የመጣ ነው። ትምህርት ቤት የነበረው የወንዶቹ ቁጥር 7 ኳስ ብቻ ነበር። ሪንጉ ደግሞ ለሴቱም ለወንዱም 3.05 ሜትር ላይ ነው። ይህ ከፍታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ፣ እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር ትምህርት ቤት፣ የኮክ ቅርጫቶችን የጂምናዚየሙ ሰገነት ላይ ሲቸነክር ነው። ሰገነቱ ከወለሉ 10 ጫማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁመቱን የነካው የለም። እኛም ትንንሾቹ ሴቶች አቅማችን አልደርስ ሲለን፣ ኳሱን ከደረታችን በሁለት እጅ መግፋት ለመድን።

በሁለት እጅ የተገፋ ኳስ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። የቡና ስኒ አንስታችሁ እዩ፤ ከላይ ስታዩት አፉ ክብ ነው፤ ወደ ዓይናችሁ ደረጃ ከፍ ስታደርጉት እየጠበበ መስመር ይሆናል። ኳስም ሪንጉን የሚያገኘው እንዲሁ ነው። ሪንጉ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የሴቶቹ ቁጥር 6 ኳስ 23 ገደማ። ኳሱ በ45 ዲግሪ ሲወርድ ክፍተቱ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ30 ዲግሪ ከመጣ ግን 22.5 ብቻ ይቀራል፤ ብረት ሳይነካ የሚያልፍበት ቦታ የለም። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በኮምፒውተር ሲያሰሉት፣ ኳሱ ከእጅ በ52 ዲግሪ ገደማ ወጥቶ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ቢሄድ ይሻላል ብለዋል። እኔ ከደረቴ በሁለት እጅ ስገፋው ግን ይህን ሽክርክሪት አላገኝም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ፣ ገና 17 ዓመቱ፣ አንድ ቀን ሲያየኝ ቆይቶ “እህቴ፣ የግራ እጅሽ መያዝ እንጂ መወርወር የለበትም” አለኝ። እሱ ባሳየኝ መሠረት በአንድ እጅ ጀመርኩ። በቀጣዩ እሁድ 39 አገባሁ። 39! ስድስት ሳምንት ሙሉ 50 አልሞላሁም፤ ሜዳው ዳር የሚቆሙት ልጆች ደግሞ ያያሉ። ቀድሞ የምትችለውን ነገር ሰው ፊት አበላሽቶ መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዊልት ቻምበርሊንም የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ያ 2.16 ሜትር ግዙፍ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፍሪ ስሮ አይሆንለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961/62 የውድድር ዘመን ግን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መሃል ወደ ላይ እያነሳ መወርወር ያዘ። ማርች 2 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ሄርሺ ከተማ ላይ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ32 ፍሪ ስሮ 28ቱን አግብቷል። ከዚያ ተወው። በጻፈው የሕይወት ታሪክ፣ እንዲያ መወርወር ስላሳፈረው እንደተወው ተናግሯል። ሌላው ተጫዋች ሪክ ባሪ በዚያው አወራወር ዕድሜ ልኩን ከመቶ 90 ገደማ ሲያገባ፣ ቻምበርሊን ተመልሶ መሳት ጀመረ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

እኔ ቀጠልኩ። አሁን ኳሱን ሦስት ጊዜ አነጥራለሁ፣ ትንፋሼን አወጣለሁ፣ ሪንጉን ከቦርዱ ጋር የያዙትን ብሎኖች አያለሁ። ኳሱ የሚለቀኝ ከጠቋሚና ከመሃል ጣቴ ጫፍ ነው፤ እዚያ ጋ ቆዳዬ ጠንክሯል። በስምንተኛው ወር 71፣ በአሥራ አንደኛው 80፣ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ 86 ደረስኩ።

የሚቆጥሩልኝ የግቢው ጥበቃ፣ አባባ ናቸው። የገባውን አይቆጥሩም፤ በሳትኩ ቁጥር አግዳሚው ላይ አንድ ጠጠር ያኖራሉ። ከአሥር ጠጠር ካላለፈ ዘጠና ሞላ ማለት ነው።

ባለፈው እሁድ 97ኛው ላይ ጠጠሩ አሥር ነበር። 98ኛው ገባ። 99ኛው ወደ ቀኝ ሄዶ ብረቱን ዞረና ወጣ። መቶኛው ገባ። አባባ የመጨረሻዋን ጠጠር አንስተው “ይቺ እንኳ የነፋስ ናት ልጄ፣ አትቆጠርም” አሉኝ።

“አይ አባባ፣ ክርኔ ነው የወጣው” አልኳቸውና ከእጃቸው ተቀብዬ አግዳሚው ላይ መለስኳት።