ርእስና ይዘት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የድርሰትን ስም የሚያወጣው ግን ደራሲው ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከይዘቱ ጋር ባይስማማ ተጠያቂው እርሱ ራሱ ነው። ርእስ ለአንባቢ የሚሰጥ ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ይዘት የቃል ኪዳኑ መፈጸሚያ ነው።

አንድ ተማሪ «የቡና አተካከል» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፈ እንበል። በመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ችግኝ ጥቂት ካወሳ በኋላ፣ በቀሩት ሦስት አንቀጾች ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ስለሚጠጣበት ሥርዓት ቢተርክ፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ያማሩ ቢሆኑም እንኳ ድርሰቱ ርእሱን ስቷል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ርእሱን መለወጥ፣ ወይ ይዘቱን ወደ አተካከሉ መመለስ።

የርእስና የይዘት ግንኙነት ግን ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ሁለት የታወቁ መጻሕፍትን ተመልከቱ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ይህ ርእስ የጽሑፉን ዓይነት እንጂ የታሪኩን ፍሬ ነገር አይነግረንም። ታሪኩ የወንድ ልብስ ለብሳ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ስለ ወጣች ጦቢያ ስለምትባል ልጃገረድ ነው። በኋላም መጽሐፉ በዚህችው ልጅ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ።

ሁለተኛው፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ችኩል አንባቢ፣ «መጽሐፉ ስለ ባላባትና ስለ ገባር፣ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርትም ይተርካል፤ ታዲያ ርእሱ ስለ ምን ፍቅርን ብቻ ይጠራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተያያዘው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ፍቅራቸውን መሰናክል የሆነበትም ያው የባላባት ሥርዓት ነው። እንግዲህ ርእስ በድርሰቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅበትም፤ ሁሉን የሚያያይዘውን ክር ቢጠራ ይበቃል።

ድርሰታችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ርእሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ለጓደኛችሁ አስነብቡ፤ እርሱም ርእስ ያውጣለት። ያወጣው ርእስ ከእናንተ ጋር ከተቀራረበ ቃላችሁን ጠብቃችኋል። ከተራራቀ ግን ከጓደኛችሁ ጋር አትከራከሩ፤ ርእሱ የተናገረውን ይዘቱ አልተናገረምና ጽሑፋችሁን እንደገና መርምሩ።

መልመጃ፦ ከዚህ በፊት ከጻፋችኋቸው ድርሰቶች አንዱን መርጣችሁ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ ርእሱን እንዴት እንደሚያገለግል በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ። ርእሱን የማያገለግል አንቀጽ ብታገኙ፣ ይውጣ ወይስ ርእሱ ይለወጥ? ምክንያታችሁን ጻፉ።