ሳይቆጠሩ የሚያልፉ እንግዶች

ከሙከጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የተጓዘ ሰው የጀማን ሸለቆ አይረሳውም። መኪናው ከደጋው ጫፍ በጠመዝማዛው መንገድ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ መርሐ ቤቴ ሽቅብ ይወጣል። ብዙዎቻችን ድልድዩን የምናልፈው ቆላውን እያማረርን ነው። ታች በወንዙ ዳር ግን ከእኛ እጅግ የራቀ መንገድ የተጓዙ እንግዶች አሉ።

እነዚህ እንግዶች ቀጫጭን እግርና ቀጭን ምንቃር ያላቸው፣ ከውኃ ዳር የማይርቁ ትናንሽ ወፎች ናቸው። አንደኛዋ ብትቆምም ብትራመድም ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ከመወዝወዝ አታርፍም። ሌላዋ ጀርባዋ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ደንግጣ ስትነሳ ከጅራቷ በላይ ያለው ነጭ ላባ ቦግ ይላል። ይህች ሁለተኛዋ የምትፈለፈለው በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ረግረጋማ ደኖች ነው።

ጉዞ የሚጀምሩት የአውሮፓ በጋ ሳያልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ክረምቱ በርትቶ ወንዞች በሚሞሉበት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ውኃው ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ በደንብ ይታያሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ከሁሉም የሚደንቀው፣ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ ወላጆች ቀድመው መሄዳቸው ነው። ልጆቹ መንገዱን አንድም ቀን ሳያዩት ከሳምንታት በኋላ ብቻቸውን ይከተላሉ። ለመሆኑ ማን መራቸው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙልክም ሆነ በሱረቱ ነሕል በሰማይ የሚበሩትን ወፎች እንድናስተውል ጋብዞናል። ማስተዋል ደግሞ ቀና ብሎ አይቶ ከማለፍ ይበልጣል።

መቁጠር ምን ይጠቅማል?

«ወፍ ቆጥሮ ምን ሊገኝ?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከሞሮኮ እናገኘዋለን። በሳይቤሪያ ተፈልፍላ የብርዱን ወራት በሰሜን አፍሪካና በሜዲትራኒያን ዙሪያ የምታሳልፍ፣ ምንቃረ ቆልማማ የውኃ ዳር ወፍ ነበረች። አደንና የረግረግ መሬት መታረስ እንደጎዳት ይነገራል። መመናመኗ በውል የታወቀው ግን ጥቂቶች ብቻ ከቀሩ በኋላ ነበር። በሞሮኮ መርጃ ዘርጋ በተባለ ስፍራ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት ታየች። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፈጽማ መጥፋቷ በይፋ ተነገረ። ሲጎድሉ የምናውቀው ስንት እንደነበሩ አስቀድመን ካወቅን ብቻ ነው።

በመሆኑም ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ የአፍሪካው ቆጠራ የተጀመረው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዋናው ቆጠራ የሚደረገው በጥር መግቢያ ገደማ ነው። በሀገራችን በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ይሳተፋል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻ ከሚታዩት መካከል ክብደቷ የዶሮ እንቁላል ግማሽ ብቻ የሆነ ወፍ አለች።

ጉዳዩ የወፎች ብቻ አይደለም። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሲደርቅ ወፎቹ ማረፊያ፣ ሰዎቹም ውኃ አጡ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውኃ መያዝ መጀመሩ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ወፏ የምትፈልገውን ውኃ እኛም እንፈልገዋለን። የእሷ መቅረት ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው።

እናንተም ሞክሩት

ወጣቶች ሆይ! ለዚህ ሥራ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ አቅራቢ መነጽር ከተገኘ ደግሞ መልካም ነው። በዓለም ከተማ አካባቢ የምትኖሩ የጀማን ወይም የወንጪትን አንድ ዳርቻ ምረጡ። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ግን አትቅረቡ፤ እስኪጎድል ጠብቁ። በማለዳ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። መንጋው ከበዛ አሥሩን ለይታችሁ ቁጠሩና የቀረውን በዚያ መጠን ገምቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ጻፉ። ምንም ካላያችሁም «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮም ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ድገሙት።

ወላጆችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትወጡ፣ ወንጭፍ የለመደው እጅ እርሳስ ይለምዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ ተወስደውባት የተጨነቀችን ወፍ አይተው ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

እንግዳ በደጃችን ሲያልፍ ስንት እንደሆነ፣ በደኅና መድረሱንም ማወቅ ከባለቤት ይጠበቃል። ጀማ ዳር የሚያርፉትም እንግዶቻችን ናቸው። አላህ አስተዋዮች ያድርገን!