ገንዘቡስ በየት በኩል ሄደ?

«ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳት» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ዶላር የታጨቀ ሻንጣ ነው። በ1994 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት አሜሪካ ላይ የደረሰው ጥቃት ግን፣ መርማሪ ኮሚሽኑ እንዳለው፣ የፈጀው ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ነው። ለዚያ ሁሉ እልቂት! ጠላፊዎቹም ፍሎሪዳ ባንክ ገብተው በገዛ ስማቸው ሒሳብ ከፍተው ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ የአሜሪካ መንግሥት አል በረካት የተባለውን ትልቅ የሶማሊያ ሐዋላ ድርጅት ቢሮዎች ዘግቶ ገንዘቡን አገደ። ያኔ ሶማሊያ ውስጥ የሚሠራ ባንክ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጇ ከውጭ የሚልክላት እናት የወር አስቤዛዋ የሚመጣው በሐዋላ ነው። በኋላ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ሲያጣሩ ድርጅቱ አልቃይዳን እንደረዳ የሚያሳይ ማስረጃ አጡ። እናቲቱን ግን ማን ይካሳታል?

ቁጥጥሩ ይቅር እያልኩ አይደለም። የእኛው ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ፣ አጠራጣሪ ዝውውር ሲያዩም እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ «ብሩ ከየት መጣ?» እያሉ የሚያደርቁንም ለዚህ ነው። ይጠይቁ። ሲያግዱ ግን ምክንያቱን ይንገሩን፤ አቤት የምንልበትም በር ይኑር።

እኛም ብንሆን ስማችንን አናውስ። «በአንተ ሒሳብ ይግባልኝና ትንሽ ቆርጠህ ላክልኝ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ይሆናል። ጥያቄ ሲመጣ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእሱ ስም አይደለም።