ክረምቱ ሲያጥር የዝንብ አጥማጆች ምን ይሠራሉ?

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ዶሮውን ያረድኩት እኔ ስለሆንኩ ለመጠየቅ ደፈርኩ።

«እትዬ፣ የፈላው ውሃ ሳይነካው የአንገቱን ላባ ልንቀለው?»

«ለምንህ?»

«ዓሣ ላጠምድበት።»

እትዬ ድስቱን መሬት አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። ዶሮው ገብስማ ነው። ገብስማ ዶሮ በአገራችን ለምን ለምን ሲታዘዝ እንደኖረ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስደነግጣል። «ዓሣ መቼ ላባ በላና?» አሉ፤ ግን አልከለከሉኝም።

ልክ ናቸው፤ ዓሣ ላባ አይበላም። ብዙው ዓሣ ግን ውሃ ላይ የሚያርፉትን፣ ከድንጋይ ሥር የሚፈለፈሉትንም ነፍሳት ይለቅማል። በዝንብ ማጥመድ የሚባለው እነዚህን ነፍሳት በላባ፣ በክርና በጸጉር አስመስሎ ትንሽ መንጠቆ ላይ ማሰር፣ ከዚያም ዓሣው እውነተኛ መስሎት እንዲጎርስ ማድረግ ነው። ትል የለም፣ ሊጥ የለም፣ የሥጋ ቁራጭ የለም። ገብስማው የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት የአንገት ላባ መንጠቆ ላይ ሲጠመጠም፣ ክንፉን የሚያርገበግብ ነፍሳት ይመስላል። ውጭ አገር ለላባቸው ብቻ ተብለው የሚረቡ ዶሮዎች አሉ፤ እኛ ለበዓል በአንድ ጠዋት ቅርጫት ሙሉ እንጥላለን።

አወራወሩም ከሌላው ይለያል። ላባዋ ክብደት የላትም፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ አትወረወርም። ክብደቱ ያለው ወፈር ባለው ገመድ ላይ ነው። ዘንጉ ገመዱን ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ ገመዱ ከኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይለቀቃል። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮኽ ያደገ ልጅ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እዚህ ከጮኸ ተሳስተሃል፤ ዝንቧ ተበጥሳ ቀርታለች።

አሁን ወደ ወቅቱ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ደህና ክረምት በዘነበበት ዓመት ይህ ለአጥማጅ ምርጡ ጊዜ ነው። ደራሹ ይጎድላል፣ ውሃው ይጠራል፣ ዓሣው ከጎርፉ ወጥቶ መብላት ይጀምራል። ክረምቱ ባጠረበት ዓመትስ? በኤል ኒኞ የተነሳ የ2007 ክረምት ሲከዳ፣ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ስለ መዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ማውራት ቅንጦት ይመስላል፤ ነውም። ይሁንና ወንዝ እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ ቀድሞ የሚያየው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የሚቆመው ሰው ነው። ለዚህም ነው በዓለም ዙሪያ ያሉ የዝንብ አጥማጆች ክበባት በድርቅ ዓመት መኸር ላይ ከሌላው ጊዜ የተለየ ሥራ የሚሠሩት፤ በአጭሩ፣ ዘንጉን ይሰቅሉና ቴርሞሜትር ያነሳሉ።

ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሙቅ ውሃ ጥቂት። በባሕር ወለል ደረጃ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር ወደ 11 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል፤ 25 ላይ ወደ 8። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ የሞቀ የደጋ ወንዝ የሚይዘው ከ6 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ክፉው ነገር የዓሣው ፍላጎት በተቃራኒው መሄዱ ነው። ዓሣ የራሱን ሙቀት አይቆጣጠርም፤ ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱም ይሞቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ገበያው እየጠበበ ገዢው እየበዛ ነው።

በዚህ ላይ መንጠቆ ሲጨመርበት አስቡት። የተያዘ ዓሣ እየታገለ እንደ ሯጭ ትንፋሹን ይጨርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ቢለቁት ያገግማል። በሞቀ ውሃ ግን እየዋኘ ሄዶ፣ አጥማጁ «ደህና ሄደ» ብሎ ፎቶውን እያየ ሳለ፣ ከታች ሊሞት ይችላል።

ይዞ መልቀቅ የሚለው ነገር ራሱ ለእኛ እንግዳ መሆኑን አልክድም። በጽጌ ጾም ምሳ ሰዓት ካዛንቺስ ዓሣ ቤት ገብቶ ጉላሽ ወይም ዓሣ ዱለት ላዘዘ ሰው (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ) «ይዤ ለቀቅኩት» ብትሉት ጤንነታችሁን ይጠራጠራል። ግን በዝንብ የሚያጠምዱ ክበባት አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ የያዙትን ይለቃሉ። መልቀቁ ትርጉም የሚኖረው ታዲያ ዓሣው ከተለቀቀ በኋላ በሕይወት ከቆየ ነው።

አሜሪካ፣ ሞንታና ግዛት፣ በሞቀ ውሃ አለማጥመድን በሕግ አስሮታል። የወንዙ ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ማጥመድ ይከለከላል። ሰዓቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ወንዝ በጣም የሚሞቀው እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ወደ ማምሻው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ አድሮ ንጋት ላይ ደህና ይሆናል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ማጥመድ የግድ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ረፋድ ላይ ማቆም ነው። ወደ እኛ ቀረብ ሲል የኬፕታውን ምሳሌ አለ። እዚያ በ1931 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነባር የአጥማጆች ማኅበር ይገኛል። ከተማዋ በ2018 እ.ኤ.አ. ድርቅ መትቷት ነዋሪው በቀን 50 ሊትር ውሃ ብቻ እንዲጠቀም ስታስገድድ፣ የተራራ ጅረቶቿም ክር አክለው ነበር። ያኔ እዚያ የሚያጠምድ ሰው ከዘንጉ እኩል ቴርሞሜትር ቢይዝ አይፈረድበትም።

ዘንግ ከተሰቀለ በኋላ የሚሠራው ብዙ ነው። ክበባት የወንዛቸውን ሙቀት በቀንና በሰዓት ይመዘግባሉ። ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ያሉትን እጮች ይቆጥራሉ፤ ቆሻሻ ውሃ የማይችሉት ነፍሳት ከጠፉ ወንዙ ታሟል ማለት ነው። ውሃው ሲጎድል የሚጋለጠውን ፕላስቲክና የተበጣጠሰ መረብ ይለቅማሉ። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን የታሰሩ ዓሦችን በባልዲ ወደ ጥልቅ ውሃ የሚያሻግሩም አሉ፤ ይህ ግን ያለ ባለሙያና ያለ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም። ዓሣን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ማዘዋወር በሽታንም አብሮ ማዘዋወር ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር በዝንብ ማጥመድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ባሌ ነው። ከካዛንቺስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ እንደ ወይብ ያሉ የደጋ ወንዞች ውስጥ ትራውት ይኖራል። የአገሩ ልጅ አይደለም፤ ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ነው። ኬንያም የራሷ አልነበረም፤ እንግሊዞች በ1905 እ.ኤ.አ. ገደማ ከስኮትላንድ ነው ያመጡላት። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ የማይኖር ዓሣ ስለሆነ ከላይ ያልኩት የኦክስጅን ሒሳብ ሁሉ በቀጥታ ይመለከተዋል። የባሌ ሌሊት ብርዱ ያተርፈዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደመና የሌለው ፀሐይ በቀጠነ ውሃ ላይ ሲወርድ ግን ቀኑ ያስፈራል። ወይብ ከዚያ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ቆላ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰውና ከብት ነው፣ ዓሣ አይደለም። እንግዲህ ደጋ ላይ ያለው አጥማጅ ውሃውን ሲያይ ቆላ ያለውን ባላገርም ማሰብ አለበት።

እኔ ግን ልቤ ያለው ትራውቱ ላይ ሳይሆን ጣና ላይ ነው። ጣና ውስጥ ተመራማሪዎች ሌላ የትም የማይገኙ 15 የሚደርሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ ይህ በዚህ የዓሣ ወገን ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የእነዚህን ዘመዶች በዝንብ ለመያዝ ሰው ከሩቅ ይመጣል። የእኛዎቹ ጠባይ ግን ከመጸው ጋር ይጋጫል። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ታንኳውን ሞልቶ ይመለሳል፤ ለወደፊቱ ያስቀመጠውን ዘር እየበላ መሆኑን ግን ላያውቅ ይችላል።

የደረሰውም ታውቋል። በሞተር ጀልባ የሚዘረጋው የመረብ ሥራ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መካከል ብቻ የነጭ ዓሣው መጠን በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ወንዞቹ ላይ ደግሞ የድሮው ዘዴ አልቀረም፤ የብርብራን ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ላይ መበተን። ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም። ክረምቱ ባጠረ ዓመት ይህ ሁሉ ይከፋል። የወንዙ አፍ በደለል ስለሚጠብ ዓሣው ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል፤ የወጣውም በመስኖ ፓምፕ እየተቀዳ ባለ ኩሬ ውስጥ ይታሰራል። በቀጠነ ውሃ ላይ ብርብራ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ይገድላል። ስለዚህ ጣናን የሚወድ የዝንብ አጥማጅ በመስከረምና በጥቅምት ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ ወደ ወንዞቹ አፍ ዘንግ ይዞ አለመሄድ ነው። ሐይቁ ላይ ወርዶ ከሆነም ሲመለስ ጫማውን፣ ገመዱንና ቦርሳውን አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ በቁራጩ ብቻ ሌላ ውሃ ላይ ሊበቅል የሚችል አረም ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ ፈቃድ የሚጠየቀውም ከክልሉ ነው። ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከፓርኩ።

እንግዲህ እንደ እኔ ካዛንቺስ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚውል፣ የአዲስ አበባ ወንዝ ብቻ የሚያይ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ግንፍሌና ቀበና ዓሣ የሚጠመድባቸው ወንዞች አይደሉም፤ የሚወርድባቸውን ፍሳሽ ሁሉም ያውቀዋል። ፍልውሃም ጎረቤታችን ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በዚያ ሙቅ ውሃ ዙሪያ ቢሆንም ትራውት እዚያ ቢገባ ይቀቀላል። ሆኖም ሦስት አራት ጓደኛሞች ሰብሰብ ካሉ የአንድ ክበብን የመኸር ሥራ ግማሹን ከሰፈር ሳይወጡ ሊሠሩት ይችላሉ።

አወራወርን መለማመድ ውሃ አይፈልግም። ማለዳ ልጆች ሳይገቡ የኳስ ሜዳ ሣር ይበቃል። አስፋልት ላይ ግን አይሞከርም፤ ገመዱን ይፍቀዋል። ጫፉ ላይ በመንጠቆ ፋንታ የደማቅ ክር ቁራጭ ይታሰር፤ ያኔ ማንም ጆሮውን አይወጋም። ድርቅ ላይ ውሃው ስለሚጠራ ዓሣው ጥላ ያያል፤ ስለዚህ ልምምዱ ራቅ ካለ ቦታ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ ክሯን ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ላይ ቢያተኩር ይጠቅማል። ኢላማው ጣሳ ይሁን፤ ከ12 ርምጃ ርቀት ጣሳ ውስጥ ማሳረፍ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ሲሞክሩት ግን ያሳፍራል።

ዝንብ ማሰሩ ደግሞ የማታ ሥራ ነው። ትንሽ ሞርሳ፣ ሹል መቀስ፣ ቀጭን የስፌት ክር፣ ጥቂት የበግ ጸጉር ለአካሏ። መንጠቆው ሞርሳው ላይ ከመታሰሩ በፊት ወደ ኋላ የዞረችውን ጥርሱን በፒንሳ ጨፍልቋት፤ ያኔ ዓሣው አፉ ሳይቀደድ በሰከንድ ውስጥ ይላቀቃል፣ በድርቅ ዓመት ደግሞ ሰከንዱ ዋጋ አለው። ከዚያ ክሩ ከዓይኑ በኩል ወደ ኋላ ተጠምጥሞ፣ ጸጉሩ ተፈትሎበት፣ ላባው መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ዙር ይዞራል። ላባው ከፈላ ውሃ የገባ ከሆነ ይልፈሰፈስና አይቆምም። እትዬን ያስቸገርኳቸው ለዚህ ነበር።

የእንቁጣጣሹ ገብስማ አሥራ አንድ ዝንቦች ወጥተውታል። አንዱን ለእትዬ አሳየኋቸው። በመነጽራቸው ጠጋ ብለው አገላበጡት። «ይሄማ ትንኝ ነው» አሉ፤ «ዶሮዬን ትንኝ አደረግከው?» ከዚያ በኋላ ለመስቀልም ለገናም ዶሮ ሲመጣ፣ ሳልጠይቃቸው አንገቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡልኛል።