ገመዱና ጆሯችን፦ ለቤት የሙዚቃ መሣሪያ ተመጣጣኝ ገመድ እንዴት እንምረጥ?

የቡናው ለቀማ አብቅቶ ገንዘቡ በእጅ ሲገባ የቤት ዕቃ መግዣው ወቅት ይመጣል። አንድ የአጋሮ አባወራ የልጆቹን የትምህርት ወጪ ከፍሎ፣ የቤቱንም ክዳን አሳድሶ፣ በተረፈው ገንዘብ የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ወደ ጅማ መጣ እንበል። አምፕሊፋየሩንና ስፒከሮቹን መርጦ ዋጋ ከቆረጠ በኋላ ሻጩ በሚያብረቀርቅ ማሸጊያ የተጠቀለሉ ገመዶችን ያቀርብለታል። «ጋሼ፣ ገመዶቹ ካልተጣጣሙ ድምፁ ይበላሻል፤ እነዚህ ግን በወርቅ የተለበጡ፣ ቁመታቸውም እኩል የተቆረጠ ነው» ይለዋል። ገዢው ዋጋውን ሲሰማ በልቡ ወደ ፈረሱላ ቡና ይመነዝረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ እውን ገመዱ ያን ያህል ፈረሱላ ያወጣልን? «ተመጣጣኝ ገመድ» ሲባልስ ከምን ጋር የሚመጣጠን ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከመሠረታዊ የፊዚክስ ሕግጋት ተነስተን እንመረምራለን። መልሱን አስቀድመን ባጭሩ ለመናገር፣ ሻጩ ገመድ መመጣጠን አለበት ማለቱ ትክክል ነው፤ የሚመጣጠነው ነገር ግን እሱ የጠቀሰው አይደለም።

ሦስት ገመድ፣ ሦስት ሥራ

የሙዚቃ መሣሪያ በሦስት ዐይነት ገመዶች ይሠራል። የመጀመሪያው ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት የሚያመጣው የኃይል ገመድ ነው። ሁለተኛው ከዲስክ ማጫወቻው፣ ከቴፑ ወይም ከስልኩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው፣ ብዙውን ጊዜ ቀይና ነጭ መሰኪያ ያለው የምልክት ገመድ ነው። ሦስተኛው ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚዘረጋው ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። የዲስክ ማጫወቻ 2 ቮልት ያህል ምልክት 20,000 ኦም ወዳለው የአምፕሊፋየር መግቢያ ሲልክ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት የአንድ አምፒር አንድ አሥር ሺኛ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ 50 ዋት ወደ 8 ኦም ስፒከር ሲልክ ግን 2.5 አምፒር ያስፈልጋል፤ ይህም ከፊተኛው 25,000 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ለአንዱ ገመድ መልካም የሆነው ባሕርይ ለሌላው ምንም ላይጠቅም ይችላል። አቦልን ከቶና፣ ቶናንም ከበረካ ለይተን እንደምናውቅ ሁሉ ገመዶችንም ለያይተን ማየት ይኖርብናል።

የስፒከር ገመድ፦ ውፍረትና ርዝመት

ማንኛውም ሽቦ ለከረንት የተወሰነ እንቅፋት ይሆናል። ይህን እንቅፋት በፊዚክስ ሬዚስታንስ እንለዋለን፤ የሚለካውም በኦም ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በወፈረ ቁጥር ይቀንሳል። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.017 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። ይህችን አንዲት ቁጥር የያዘ ሰው የሚቀረውን ራሱ ሊያሰላ ይችላል።

የአጋሮው አባወራ አንዱን ስፒከር ሳሎን ውስጥ ከአምፕሊፋየሩ 3 ሜትር፣ ሌላውን ደግሞ ቡና ወደሚፈላበት በረንዳ 15 ሜትር አርቆ ሊያስቀምጥ አስቧል። ከረንት ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ ለበረንዳው የሚቆጠረው ሽቦ 30 ሜትር ነው። በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ ቢዘረጋው ሬዚስታንሱ 0.017 ሲባዛ በ30፣ ሲካፈል ለ0.5፣ ማለትም 1.02 ኦም ይሆናል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ከሚላከው ኃይል ውስጥ 11 በመቶ የሚሆነው ገመዱን በማሞቅ ይባክናል። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ብክነቱ 20 በመቶ ይደርሳል። አንዳንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት 0.5 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው የስልክ ሽቦ ቢጠቀም ደግሞ፣ የሽቦው ውፍረት 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ በ8 ኦም ስፒከር እንኳ ሩብ ያህሉ ኃይል በመንገድ ይቀራል።

ጉዳቱ የድምፁ መቀነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጠኑን ከፍ በማድረግ በተካካሰ ነበር። ነገር ግን በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው 8 ኦም በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል የሚሠራ ቁጥር አይደለም። በአንዳንድ ድግግሞሽ ወደ 6 ኦም ይወርዳል፤ በሌላው ከ20 ኦም በላይ ይወጣል። ገመዱም ዝቅ ባለበት ቦታ ብዙ፣ ከፍ ባለበት ቦታ ጥቂት ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ቀጭንና ረጅም ገመድ የክራሩንና የከበሮውን ሚዛን በመጠኑ ሊለውጠው ይችላል።

ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ቀላል መመሪያ የገመዱ ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ይህም ለ8 ኦም ስፒከር 0.4፣ ለ4 ኦም ስፒከር 0.2 ኦም ማለት ነው። የበረንዳው ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ሬዚስታንሱ 0.204 ኦም ይሆናል፤ ለ8 ኦም ስፒከር ከበቂ በላይ፣ ለ4 ኦም ስፒከርም በድንበሩ ላይ ነው። የሳሎኑ 3 ሜትር በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሰላስ? እሱም በትክክል 0.204 ኦም ነው። አምስት ጊዜ የረዘመው ገመድ አምስት ጊዜ በመወፈሩ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ሆኑ። እንግዲህ መመጣጠን ማለት ይህ ነው፤ ለዚህም በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሜትር የሚሸጠው ተራ ባለሁለት ዘር የመዳብ ገመድ ይበቃል።

ቁመታቸው እኩል መሆን አለበትን?

«ገመዶቹ እኩል ካልሆኑ የግራውና የቀኙ ድምፅ በተለያየ ጊዜ ይደርሳል» የሚል አባባል ይሰማል። የኤሌክትሪክ ምልክት በገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአባወራው ቤት በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው ልዩነት 12 ሜትር ነው፤ የሚያስከትለውም መዘግየት የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 6 መቶኛ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር ላይ የሚጓዘው 2 መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ልጅ ጆሮ በግራና በቀኝ መካከል ሊለየው የሚችለው ትንሹ የጊዜ ልዩነት 10 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ በመሆኑ፣ አድማጩ ሲኒውን ለማንሳት ጎንበስ ሲል የሚፈጥረው ለውጥ ከገመዱ እጅግ ይበልጣል።

ሌላው የሚነገረው «75 ኦም» የሚለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከፍተኛ ትርጉም የሚኖረው የገመዱ ርዝመት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ነው። ጆሮ ሊሰማው በሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ በ20,000 ኸርዝ፣ በገመድ ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የማንም ቤት ገመድ ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። ከጣሪያ ላይ ካለው የሳተላይት ዲሽ በሚወርደው ገመድ ውስጥ ግን ሞገዱ በሴንቲ ሜትር የሚለካ በመሆኑ የ75 ኦም ገመድ ግዴታ ነው። ዲጂታል ድምፅ ለሚያስተላልፈው ኮአክሲያል መሰኪያም እንዲሁ።

የምልክት ገመድ፦ ጠላቱ 50 ኸርዝ ነው

በቀይና ነጩ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ጥቂት ስለሆነ ውፍረቱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ከውጭ የሚገባው ጉምጉምታ ነው። በሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአቅራቢያው ያለ የምልክት ገመድም ይህን ሊቀበልና ወደ አምፕሊፋየሩ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ረገድ የሚረዳው በውስጠኛው ሽቦ ዙሪያ እንደ ሸማ የተሸመነው የመዳብ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሲገዙ ሽፋኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሰኪያውም አጥብቆ የሚይዝ መሆኑን ማየት፣ ከሚያስፈልገው በላይ የረዘመ አለመግዛት፣ ከኃይል ገመድ ጋር ጎን ለጎን አለማስኬድ፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነም በመስቀልኛ ማሳለፍ ይገባል። በአንድ የማስታወሻ ሸክላ ማጫወቻ የሚጠቀሙ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ከመርፌው የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነውና።

አንዳንዴ ገመዱ ደህና ሆኖ ጉምጉምታው አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ከዲሹ ጋር፣ አምፕሊፋየሩም ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያያዝ በሁለት የምድር ግንኙነቶች መካከል ቀለበት ይፈጠራል። መሣሪያዎቹን ከአንድ ሶኬት ማብላት ሊረዳ ይችላል። የምድሩን ሽቦ መቁረጥ ጉምጉምታውን ሊያጠፋው ቢችልም ሕይወትን አደጋ ላይ ስለሚጥል በፍጹም መደረግ የለበትም። ነጎድጓድ በሚበዛባቸው የክረምት ወራትም የዲሹን ገመድ ነቅሎ ማደር ብልህነት ነው።

ወርቅ፣ መዳብና አስመሳዩ

ወርቅ ከመዳብ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ከመዳብ በጥቂቱ የሚሻለው ብር ብቻ ነው፤ ወርቅ ከሁለቱም ያንሳል። የወርቅ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብበት በጅማ አካባቢ፣ እርጥበትና የምድጃ ጢስ መዳብን ስለሚያጠቁሩ በስሱ በወርቅ የተለበጠ መሰኪያ የራሱ ጥቅም አለው። ያም ሆኖ የስፒከር ገመዱን ጫፍ በየዓመቱ ቆርጦ አዲስ መዳብ ማውጣት ያለ ወጪ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ከዚህ ይልቅ ገዢው ሊጠነቀቀው የሚገባው በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ሲያዩት መዳብ ይመስላል፤ ሬዚስታንሱ ግን ወደ አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ሲይዙት ይቀላል፤ ጫፉን በምላጭ ሲፍቁትም ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። በላስቲኩ ውፍረትም መታለል አይገባም፤ የሚለካው ውስጡ ያለው ብረት ነው።

ስለ ረጅም መንገድ

ሠርግ ቤት ውስጥ ወይም በሰፊ ግቢ ስፒከር 100 ሜትር ርቆ ሲተከል የገመድ ማወፈር ዘዴ አያዋጣም። ለዚህ ሥራ የተሠሩ አምፕሊፋየሮች በ100 ቮልት ይልካሉ፤ ከስፒከሩ ጋር ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ቮልቴጁ ሲጨምር ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ይቀንሳል፤ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስም በገመዱ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ 1 ጣቢያ ኃይሉን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚልከው በዚሁ ሕግ ነው።

ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም፣ አራት ሲሆኑ 2 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ በጀርባው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች ሲጫን ሊቃጠል ይችላል። ከጫፉ የተበተነች አንዲት ፀጉር መሳይ ክር ሁለቱን ማሰሪያዎች ካገናኘችም ውጤቱ ያው ነው። የአንድ ዓመት ቡና ገንዘብ በደቂቃ የሚጠፋው እንዲህ ባለው ስህተት ነው።

እንዴት እንፈትን?

በመጀመሪያ ቀይና ጥቁሩ በሁለቱም ስፒከሮች ላይ በአንድ ዐይነት መታሰሩን እናረጋግጥ። አንዱ ከተገለበጠ አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅም ይጠፋል። ይህ ነፃ እርማት ውድ ገመድ ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሁለት ገመዶችን ለማወዳደር ደግሞ የቡና ቀማሾችን ሥርዓት እንዋስ። ጥሩ ቀማሽ ሲኒው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ሳይነገረው ይቀምሳል፤ ስሙን ካወቀ ምላሱ ሊያዳላ ይችላልና። እኛም አንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ፣ ሳንቲም እየወረወረ በሚያገኘው ተራ፣ አምፕሊፋየሩን እያጠፋ ገመዱን እንዲለዋውጥልንና 10 ጊዜ እንዲፈትነን እናድርግ። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 ጊዜ የማግኘት ዕድል ከመቶ አንድ ያህል ነው። 9 ካገኘን ልዩነቱን በእርግጥ ሰምተናል ማለት ይቻላል፤ 5 ወይም 6 ካገኘን ግን የሰማነው ዋጋውን ነበር። ለፈተናው በጅማ የተወለዱትን የሙላቱ አስታጥቄን የቫይብራፎን ሥራዎች መጠቀም መልካም ነው፤ ብረቱ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ የሚከስመው ድምፅ ጉምጉምታንም ሆነ የሚዛን ጉድለትን በቀላሉ ያጋልጣል።

እንግዲህ ለአጋሮው አባወራ ምክራችን ይህ ነው፦ የገንዘቡ አብዛኛው ለስፒከሮቹ ይዋል፤ ከዚያም መብራቱ ሲዋዥቅ መሣሪያውን ለሚጠብቅ ስታብላይዘር ይሁን። ለበረንዳው 15 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሳሎኑ 3 ሜትር ቀጭን የመዳብ ገመድ፣ ለምልክቱም ደህና ሽፋን ያለው አጭር ገመድ ይግዛ። ከገመዱ የተረፈው ፈረሱላ ቤቱ ይግባ።